ሳንሰማው ያየነው ባትማን

ባትማንን የተዋወቅሁት ባሌ ሮቤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ቤትን ላያውቁት ይችላሉ። ግድግዳው በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተጋረደበት፣ ከአጣና የተመቱ አግዳሚዎች የተደረደሩበት ጠባብ ክፍል ነበር። ቴሌቪዥኑ ከፊት ለፊት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ከውጭ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ደግሞ የፊልሙን ጥይትና ዘፈን ለመንገደኛው ያሰማል። ሰው ከፍሎ የሚገባው የህንድ ፊልም ወይም የካራቴ ፊልም ሊያይ ነው። ካርቱን የሚከፈተው አግዳሚው እስኪሞላ ድረስ ብቻ ነበር፤ ቀድሞ የገባው ልጅ ሰልችቶት ሳንቲሜን መልሱልኝ እንዳይል።

ያቺ የካርቱን ካሴት እንዲህ ትጀምራለች። ቀይ ሰማይ ላይ የፖሊስ አየር መርከቦች ይንሳፈፋሉ። ሁለት ሌቦች ባንክ አፈንድተው በጣሪያ ላይ ይሸሻሉ። አንዲት ረዥም ጥቁር መኪና ጨለማውን ሰንጥቃ ትከንፋለች። ሌቦቹ ዞር ሲሉ አንድ ካባ የለበሰ ጥላ ከፊታቸው ቆሟል፤ ፊቱ አይታይም፣ ነጫጭ ዓይኖቹ ብቻ ይጠባሉ። ሽጉጥ ሲያወጡ ከእጃቸው ያስጥላቸዋል፤ ከዚያ በቡጢ ነው። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሌቦቹን ተጠፍረው ያገኟቸዋል። ቀና ሲሉ ሕንፃው ጫፍ ላይ ቆሟል፤ መብረቅ ሲበርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን እናየዋለን። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ንግግር የሚባል ነገር የለበትም፤ የፊልሙ ርዕስ እንኳ አይጻፍም።

ለእኛ ይህ ትልቅ ውለታ ነበር። እንግሊዝኛ የምናውቀው የክፍል መጽሐፋችንን ያህል ነው፤ ቤታችንና መንደራችን የሚነጋገረው በኦሮምኛና በአማርኛ ነው። በቪዲዮ ቤት ሕግ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ አክተሩ ማን እንደሆነ ነው፤ አክተር አይሞትም፣ ለአክተር ይጨበጨባል። በህንድ ፊልም አክተሩን ለመለየት ትንሽ መታገስ ያስፈልጋል። በዚያች ካሴት ግን መብረቁ ሲበርቅ ቤቱ በጭብጨባ ይናጋ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዲሽ መጣ። በሰፈራችን መጀመሪያ ያስተከሉት አንድ ሐጂ ነበሩ። እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ዲሾች የሳቸውም የሚይዘው የአረብ ቻናሎችን ነው። ከልጆች ቻናሎቹ በአንዱ ባትማን አረብኛ ሲናገር አገኘነው። ሮቤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ሜዳማ ከተማ ናት፤ ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ለዲሽ አያዝንም። ሥዕሉ መቆራረጥ ሲጀምር አንዳችን ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ደጃፍ ይቆማል፣ ሦስተኛው ከውስጥ ሆኖ «ትንሽ ወደ ግራ! በቃ፣ በቃ፣ እንዳትነካው!» ይላል። ሥዕሉ ተመልሶ ሲመጣ መብራት ይሄዳል።

የሐጂ ልጆች መድረሳ ስለሚሄዱ አስተርጓሚዎቻችን እነሱ ነበሩ። ይሁንና ቁርአን መቅራትና የባትማን ጠላት ጆከር በጥድፊያ የሚለፈልፈውን መከተል ለየቅል ናቸው። ግማሹን ይተረጉሙልናል፣ ግማሹን ከራሳቸው ይጨምሩበታል፤ የጨመሩት አንዳንዴ ከዋናው ይጥም ነበር። ማታ ጩኮ በሳህን ቀርቦልን ከበን እያየን ሳለ ሐጂ ከሶላት ተመልሰው ጥቂት ቆመው አዩ። «ይሄ ሰውዬ ሌሊት ሌሊት የሚዞረው ቤተሰብ የለውም እንዴ?» አሉ።

«አባትና እናቱ ተገድለውበት ነው አባ» አለ ትንሹ ልጃቸው።

«ታዲያ ያ ቤቱ ያለው ሽማግሌ አይመክረውም?»

ስለዚህ ፊልም ብዙ የተማሩ ሰዎች የጻፉትን ከዚያ ወዲህ አንብቤአለሁ። ከሐጂ ጥያቄ የተሻለ አላገኘሁም። የታሪኩ መነሻ ልጁ ዓይኑ እያየ የተገደሉት ወላጆቹ ናቸው። ቤት ያለው ሽማግሌ አልፍሬድም ሥራው መምከር ነው፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

ከዲሹ በፊት የልጅነታችን ቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተስፋዬ ሳህሉ የተወለዱት እዚያው ባሌ ነው፤ 42 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነግረዋል። የሳቸው ጥበብ ለጆሮ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንበሳውንም ጦጣውንም በድምፃቸው ያመጡልናል፤ ቀሪውን እኛው በልባችን እንስላለን። ባትማን በተቃራኒው መጣ። ሥዕሉ እፊታችን ነው፣ ንግግሩን የምንሞላው እኛ ነን። አሁን ሳስበው ከሁለቱም ወገን መሠልጠናችን ዕድል ነበር።

ትምህርት ቤት ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ በወሰደን ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዋሻው ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣበታል፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሼህ ሶፍ ዑመር መጠለያ እንዳደረጉት ይነገራል፣ እስከ ዛሬም የተከበረ ቦታ ነው። አስጎብኚው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲያስረዳን እኛ አንጋጠን ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉትን ሌሊት ወፎች እንቆጥር ነበር። ከመካከላችን አንዱ የባትማን ዋሻ መስሎት መኪናዋ በየት በኩል እንደምትወጣ ጠየቀ። አስተማሪያችን የትኛዋ መኪና እንደሆነች እስካሁን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት ይህን ሁሉ ያስታወስሁት ከእህቴ ልጅ ጋር ተከታታዩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በማየቴ ነው። አሁን እንግሊዝኛውን እሰማለሁ፤ ማን እንደሠራውም አውቃለሁ። «ባትማን፦ ዘ አኒሜትድ ሲሪስ» አሜሪካ ውስጥ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ነው፤ እስከ 1995 ድረስ 85 ክፍሎች ወጥተውለታል። ዋና ፈጣሪዎቹ ብሩስ ቲምና ኤሪክ ራዶምስኪ ናቸው። የራዶምስኪ ዘዴ የቪዲዮ ቤቱን ትዝታዬን ፈታልኝ። የካርቱን ጀርባ ሥዕል በልማድ ነጭ ወረቀት ላይ ይሠራል፤ እሱ ግን ጥቁር ወረቀት ላይ ያሠራ ነበር። ሠዓሊው ከጨለማ ተነሥቶ ብርሃን ይጨምራል፤ እዚህ መስኮት፣ እዚያ የመንገድ መብራት። ያ ጨለማ በዚያ የተቧጨረ ካሴት፣ በዚያች ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ እንኳ ያልደበዘዘው ለዚህ ነው።

ሳያረጅ የቆየበት ሌላም ምክንያት አለው። ከተማው ዘመን የለውም። መኪኖቹ እ.ኤ.አ. የ1940ዎቹ ናቸው፣ ቴሌቪዥኖቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ባትማን ግን ኮምፒውተር አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዘመናዊ ለመምሰል የጣሩ ፊልሞች ዛሬ ያስቃሉ፤ ይሄኛው ከመነሻው የየትኛውም ዓመት ስላልነበረ የሚያልፍበት ዓመት የለውም። የእህቴ ልጅ ግራ ገብቷት እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ግን ያኔም አላስገረመኝም። የፈረስ ጋሪና ስንዴ አጫጁ ኮምባይነር በአንድ መንገድ በሚተላለፉበት ከተማ ያደገ ልጅ እንዲህ ዓይነት ነገር አይደንቀውም።

ከሁሉም ክፍሎች ዛሬም የሚያስቀናው «ሃርት ኦቭ አይስ» ነው። ሚስተር ፍሪዝ ሳይንቲስት ነበር። የታመመች ሚስቱን መድኃኒት እስኪያገኝላት ድረስ በረዶ ውስጥ አቆይቷት ሳለ የድርጅቱ ኃላፊ ወጪው በዛ ብሎ መሣሪያውን ያስነቅላል። በግብግቡ የፍሪዝ ሰውነት ተጎድቶ ከብርድ ውጪ መኖር የማይችል ሰው ይሆናል። ያው ኃላፊ ደግሞ ለሰብአዊነቱ ሊሸለም ነው። ይህ ክፍል ለጸሐፊው ለፖል ዲኒ የኤሚ ሽልማት አስገኝቶለታል፤ ይገባዋልም። ፍሪዝ በብርጭቆ ሉል ውስጥ የምትጨፍር ትንሽ የባሌት ዳንሰኛ እየተመለከተ ይቀመጣል፤ ሚስቱን የሚያስታውሰው እሷን እያየ ነው። ያኔ አንድ ቃል ሳይገባን ሐዘኑ ገብቶን ነበር፤ ሌባው እንዲያመልጥ የተመኘነውም በዚህ ክፍል ብቻ ነው።

ባትማን በዚሁ ክፍል ጉንፋን ይዞት ያስነጥሳል። አልፍሬድ የዶሮ ሾርባ በፔርሙስ ቋጥሮለታል። በመጨረሻው ፍልሚያ ተሸንፎ ሊያልቅለት ሲል ፔርሙሱን የፍሪዝ የራስ ቁር ላይ ይሰብረዋል፤ ትኩሱ ሾርባ የቀዘቀዘውን መስታወት ይሰነጥቀዋል። የሮቤን የጥቅምት ጠዋት በጋቢ ለሚያሳልፍ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚታመን መሣሪያ የለም። የእህቴ ልጅም የሳቀችው፣ ከዚያ ዝም ያለችው፣ እኛ በሳቅንበትና ዝም ባልንበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው የባትማንን ረዳት የሮቢንን አስተዳደግ የሚተርከው ባለ ሁለት ክፍሉ «ሮቢንስ ሬከኒንግ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የፕራይምታይም ኤሚ አግኝቷል። የሮቢን ወላጆች ሰርከስ ላይ በገመድ የሚወናጨፉ ሰዎች ነበሩ። የጥበቃ ገንዘብ አንከፍልህም በመባሉ የተናደደ ወሮበላ ገመዱን አበላሸባቸው። ሲወድቁ አናይም። ተወናጭፈው ከሥዕሉ ይወጣሉ፤ ተመልሶ የሚመጣው የተበጠሰው ገመድ ብቻ ነው። የልጆች ፊልም ሞት እንዳያሳይ ገደብ ነበረበት። ሠሪዎቹ ያንኑ ገደብ ጥበብ አደረጉት።

ያልጸናውንም ልናገር። ሥዕሉ የሚሠራው በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ ስቱዲዮዎች ስለነበር ጥራቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ክፍል ላይ ካባው ጨርቅ ነው፣ በሚቀጥለው እንጨት ይሆናል። ልጆች ባትማንን ምድር ቤት የሚደብቁበት «አይቭ ጋት ባትማን ኢን ማይ ቤዝመንት» ያኔም አሰልችቶናል፣ ዛሬም ያሰለቻል። ከዚህ ይልቅ ያሳዘነኝ ንግግሩ ነው። ብዙ ሌቦች ሊሠሩ ያሰቡትን ተንኮል ቆመው ያስረዳሉ፤ ባትማንም አንዳንዴ በመጨረሻ ምክር ይጨምራል። ያኔ የሐጂ ልጆች በዚያ ቦታ የሚያስገቡልን ፈጠራ ከዚህ የተሻለ ነበር።

ጆሮዬ ያተረፈው ነገር ግን አለ። ሸርሊ ዎከር የመራችው ሙዚቃ ለእያንዳንዱ ክፍል አዲስ ተጽፎ በኦርኬስትራ የተቀዳ ነው፤ በልጆች ካርቱን እንዲህ ያለ ድካም ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ኬቨን ኮንሮይ ባትማን ያለ ጭምብሉ ለሆነው ለብሩስ ዌይን አንድ፣ ለባትማን ሌላ ድምፅ ሰጥቷል፤ ጭምብሉን ሳናይ ለብሶት እንደሆነ በድምፁ እናውቃለን። ማርክ ሃሚል የጆከርን ሳቅ እንደ ስሜቱ ይለዋውጠዋል። እነዚህም ቢሆኑ የድምፅ ቀለም ናቸው፤ ቋንቋ ሳያውቁ የሚሰሙ።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። በቪዲዮ ቤት ሳንሰማው የገባን ሁሉ እንዳለ ቆይቷል፤ ያረጀው በቃል ካልተነገረ የማይገባው ክፍል ነው።

ይህን የምለው የራሳችን ልዕለ ጀግኖች መምጣት ስለጀመሩ ነው። የበስራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በሥዕላዊ መጽሐፍ አውጥቷል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያመጣችልን ብሩክታዊት ጥጋቡም ጎጂ ልማዶችን የሚዋጉ ሦስት ልጃገረዶችን «ጥበብ ገርልስ» ብላ በካርቱን አሳይታናለች። ሁለቱም የሚያስመሰግኑ ጅምሮች ናቸው። ከእነሱ በኋላ ለምትመጡት ሠዓሊዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የልጅን ዓይን እመኑት። መልእክቱን በምክር ከመናገራችሁ በፊት ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ ካልገባ እንደገና ሣሉት። ቦታ ከቸገራችሁ ደግሞ የሳነቴ ጉም፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍና የሶፍ ዑመር ዓምዶች ባሌ ውስጥ አሉላችሁ።

ወላጆች ልጆቻችሁን ከባትማን ጋር ልታስተዋውቁ ካሰባችሁ በ«ሃርት ኦቭ አይስ» ጀምሩ፣ «ሮቢንስ ሬከኒንግ»ን አስከትሉ፣ የምድር ቤቱን ክፍል ዝለሉት። በጣም ትንንሾቹን ግን ለብቻቸው አትተዉአቸው፤ ጨለማው የእውነት ጨለማ ነው።