ስኮፕ እና ስኩፕ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና እኔም ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉን በትክክል ባለመስማቴ ባለፈው ክረምት አንድ ሥራ አምልጦኛል። የቃሉ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር፤ ለካ ከቃሉ ጀርባ ያለውንም ነገር አላውቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ አንበሳሜ ወላጆቼ ዘንድ ገብቼ ነበር። አንበሳሜን ለማታውቋት የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት መጥታችሁ ሐሙሲት ላይ ትወርዱና ወደ እስቴ በሚያስኬደው መንገድ ትገባላችሁ። ሐምሌ ላይ ወረታ ያለች ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ስለ ፎገራ ሩዝ ገበሬዎች አጭር ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ለሁለት ወር ረዳት የሚፈልግ ፕሮጀክት አለ አለችኝ። የሁለተኛ ዓመት የኪስ ገንዘቤን፣ የታናሽ ወንድሜን የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ በልቤ አስልቼ ጨረስኩ። በማግሥቱ እናቴ ለትራንስፖርት ተበድራ ሰጠችኝና ሄድኩ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። «ስለ ራስሽ ንገሪን» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «ጋዜጠኝነትን ለምን መረጥሽ?» አሉኝ፤ እሱንም ደህና አድርጌ መለስኩ። ከዚያ በዕድሜ ጠና ያሉት ሰውዬ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «የአንድን ፕሮጀክት ስኮፕ እንዴት ትወስኛለሽ?» አሉኝ።

የእኔ ጆሮ የሰማው «ስኩፕ» ነው! በአንደኛ ዓመት እንደተማርነው ስኩፕ ማለት አንድ ጋዜጠኛ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያወጣው ዜና ነው። ደስ አለኝ፤ ያጠናሁት መጣ። «ምንጭን በማክበር፣ ከቦታው ቶሎ በመድረስ፣ ሌሎች ሳይሰሙ አጣርቶ በማውጣት…» እያልኩ ቀጠልኩ። ሦስቱም ተያዩ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴትዮ ፈገግ ብላ፣ «የኔ እህት፣ ስኩፕ ሳይሆን ስኮፕ ነው። የሥራው ወሰን ማለታችን ነው» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰውዬው ግን ደግ ነበሩ። «ግድ የለም፣ በምሳሌ እንየው። ሁለት ወር፣ አንድ ካሜራና አንድ ባለሙያ አለሽ። ስለ ፎገራ ሩዝ ፊልም ሥሪ ብትባዪ ምን ምን ታካትቻለሽ?» አሉኝ። አሁን እንኳ ላሳያቸው ብዬ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር ስለመጣው የኤክስ-ጅግና ዝርያ፣ ስለ ጉማራና ርብ ወንዞች ጎርፍ፣ ስለ ፎገራ ላሞች፣ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ስለሚጋገረው እንጀራ፣ ስለ መፈልፈያ ወፍጮዎች፣ ወረታ ስላለው የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል፣ ስለ አጨዳውና ስለ ውቂያው፣ ሩዙ ሲነሳ በእርጥበቱ ስለሚዘራው ጓያ… አንድም አላስቀረሁም።

«ጎበዝ» አሉኝ። «አሁን ደግሞ የማታካትቺውን ንገሪን።»

ዝም አልኩ። ቆይቼ፣ «ሁሉንም እሞክራለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን እሠራለሁ» አልኩ። ሰውዬው እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያኔ እንዳበቃልኝ ገባኝ። ከሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ሌላ ልጅ መቀጠሩን ነገረችኝ።

አባቴ አናጢ ነው። ማታ እራት ላይ ምን እንደጠየቁኝ ሲጠይቀኝ አፍሬም ቢሆን ነገርኩት። እስቅብሻለሁ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ፊቱ ከበደ። «ይሄማ የውል ነገር ነው፣ ልጄ። እኔንስ ያከሰረኝ ምን ሆነና!» አለ።

ታሪኩን በልጅነቴ በጨረፍታ ሰምቼዋለሁ፤ ሙሉውን የሰማሁት ግን ያን ማታ ነው። አባቴ ለአንድ ሰው የ50 ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ሊያስረክብ በቁርጥ ተዋዋለ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ቤቱን ሠርቶ ሊያስረክብ» የሚል ብቻ ነው። በአባቴ ልብ ቤት ማለት ቋሚው ተተክሎ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጣራው ለብሶ፣ በርና መስኮቱ ሲገጠም ነው። በባለቤቱ ልብ ደግሞ ጭቃው ተመርጎ፣ ኮርኒሱ ተወጥሮ፣ ቁልፍ መቀበል ነው። ሁለቱም አልዋሹም፤ ቃሉ አንድ፣ ሐሳቡ ግን ሁለት ነበር። በዚያ ላይ «እግረ መንገድህን» የሚባል ነገር መጣ። እግረ መንገድህን አንድ መደርደሪያ፣ እግረ መንገድህን የማድ ቤቱን ጣራ፣ እግረ መንገድህን የግቢውን በር… አባቴ ይሉኝታ ስለያዘው አንዱንም እምቢ አላለም። በመጨረሻ የቀን ሠራተኞቹን ሒሳብ ከኪሱ ከፈለ፤ ያሳደገውን ወይፈን ሸጠ። ሥራው ስለዘገየም «ቃሉን የማይጠብቅ አናጢ» የሚል ስም ተረፈው።

የፕሮጀክት ሥራ ባለሙያዎች ይህን ነገር «ስኮፕ ክሪፕ» ይሉታል። የሥራ ወሰን ጊዜና ገንዘብ ሳይጨመርለት በትንሽ በትንሹ ሲሰፋ ማለት ነው። ያገሬ ሰው ደግሞ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል። እንደ እኔ የያገሬ ሰው አባባል የበለጠ ይገልጸዋል።

ነገሩ የአባቴ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን። የአውስትራሊያው የሲድኒ ኦፔራ ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ግንባታው ሲጀመር በ1963 ያልቃል፣ 7 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ነበር። ንድፉ ተሟልቶ ሳያልቅ ተጀምሮ ስለነበር የተመረቀው በ1973 ነው፤ የፈጀውም 102 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነው። በእኛም አገር የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል 5,250 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተባለ። ቆይቶ 6,000፣ ከዚያም 6,450 ተባለ። በኋላ የተርባይኖቹ ቁጥር ከ16 ወደ 13 ዝቅ ብሎ በ5,150 ሜጋ ዋት ጸና፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለዚህ ወሰን መቀየሩ በራሱ ነውር አይደለም። ነገሩ የሚበላሸው ወሰኑ ከመጀመሪያው በውል ሳይታወቅ ሲቀር፣ ወይም ሲቀየር ማን እንደወሰነና ምን እንደሚያስከፍል ሳይነገር ሲታለፍ ነው።

ታዲያ ያ ጥያቄ ዛሬ ቢቀርብልኝ ምን እመልስ ነበር? ለብዙ ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። መጀመሪያ እኔው መልሼ እጠይቃቸው ነበር፤ ፊልሙን የሚያየው ማነው? ገበሬው ነው፣ ለጋሹ ነው ወይስ ሕዝቡ? ሲያልቅ የማስረክበው ምንድን ነው? የስንት ደቂቃ ፊልም፣ በስንት ቅጂ? ጊዜው፣ ገንዘቡና ሰዉ ለዚያ ይበቃል ወይ? ከዚያ በኋላ የሚካተተውንና የማይካተተውን ለያይቼ በወረቀት አሰፍራለሁ። በመሐል «ይኼም ይጨመር» ቢባል የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ለሚጨመረው ምን ያህል ቀን እንደሚያስፈልግ አብሬ አስፈርማለሁ።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሥራው የሐምሌና የነሐሴ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ አጨዳና ስለ ውቂያ እቀርጻለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የፎገራ ሩዝ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አይደለም እንዴ! ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ውሃ አዝሎ ሰዉ አረም ላይ ነው። የአንበሳሜ ልጅ ሆኜ፣ ዘመዶቼ ሩዝ የሚያርሱ ሆነው፣ በክረምት ውቂያ እቀርጻለሁ አልኩ። ሰውዬው እስክሪብቷቸውን ያስቀመጡት ለዚህም ሳይሆን አይቀርም። ትክክለኛው መልስ ዓይኔ ሥር ነበር። «በዚህ ወቅት የሚታየው አረሙ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ስለ አረም ብቻ ይሁን፤ ደቦውን፣ ጉልበቱን፣ ከውሃው ውስጥ ጎንበስ ብለው የሚውሉትን ሴቶች ያሳይ። የዘሩ ታሪክ፣ ላሞቹ፣ ወፍጮው፣ ገበያው ግን በዚህ ፊልም አይገቡም» ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ብል ሥራውን አገኝ ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም። ቢያንስ ግን የምችለውን ነገር ቃል እገባ ነበር።

ጓደኞቼ፣ እኛ ስንቀጠር «ሁሉንም እችላለሁ» ማለት ጨዋነትና ትጋት ይመስለናል። ያደግነው በይሉኝታ ነው፤ «ይኼን አላደርግም» ማለት ስንፍና ወይም ጥጋብ ሆኖ ይሰማናል። ጠያቂው ግን መስማት የሚፈልገው ያንኑ የፈራነውን ቃል ነው። ሁሉን እሠራለሁ ያለ ሰው የትኛውን ሳይጨርስ እንደሚቀር አይታወቅምና። በክፍል ውስጥም ቢሆን የቡድን ሥራችንን አስቡት። «የወጣቶች ችግር» ብለን ርዕስ እንይዝና በመጨረሻ ከመማሪያ ጽሑፍ ገልብጠን እናስረክባለን። «በአንድ ሰፈር ያሉ የሊስትሮ ልጆች የትምህርት ሰዓት» ብንል ግን ሄደን የምናየው፣ የምንጠይቀው ሰው ይኖረን ነበር።

ልጨርስ። ወደ ግቢ ከመመለሴ በፊት አባቴ አዲስ ሥራ መጣለትና፣ «እስቲ አንቺው ውሉን ጻፊልኝ፤ የማይጨምረውንም አትርሺ» አለኝ። ጻፍኩ። «ምርጊት፣ ኮርኒስና ልስን አይጨምርም። ከዚህ ውጭ የሚታዘዝ ሥራ በሌላ ዋጋ ነው» የሚለው ጋ ሲደርስ አሠሪው ተቆጣ። «አላመንከኝም ማለት ነው?» ብሎ ሳይፈርም ሄደ። እናቴ ዓይኔን ማየት አልቻለችም፤ እኔም እጄን ብቆርጠው ወደድኩ። አባቴ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ግዴለም፤ ይኼ ሥራ የቀረብኝ ሳልጀምረው ነው። ያኛው ግን ወይፈኔን አሽጦኛል» አለ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ወረቀት ስሙን ብቻ አስቀይሮ ፈረመ። ቤቱ አልቋል። ምርጊቱን የመረገው ሌላ ሰው ነው።

ቸር ይግጠመን።