አዙሪት ሲባል

በእኛ አነጋገር አዙሪት ስሙ አያምርም። ዞሮ ዞሮ እዚያው የሚመለስ፣ መውጫ የሌለው ጣጣ ሁሉ አዙሪት ነው። ወንዝ ዳር ያደገማ ዋናተኛ የሚውጠውን ያውቀዋል። የደቡብ ዋልታን ባሕር ያየ ሰው ግን ስሙ ለማን እንደሚገባ ማመንታቱ አይቀርም።

እስቲ ካርታውን ገልብጠን ከታች እንየው። በአንታርክቲካ ዙሪያ ነፋስ ወደ ምሥራቅ የሚነዳው ጅረት መንገዱን የሚዘጋ አህጉር የለበትም። ይዞራል፣ ይዞራል። በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ባለው የድሬክ መተላለፊያ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 ሲለካ በሴኮንድ 173 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሆነ፤ የዓለም ወንዞች ተደምረው ከመቶ እጁ አንዱን አያህሉም። ታዲያ ያ ሁሉ ግዙፍነት የሰሜኑን ሙቀት ወደ ደቡብ አያሻግርም። በደጅ ያልፋል እንጂ አይገባም።

የሚያሻግሩት ትንንሾቹ ናቸው። ጅረቱ እንደ ወንዝ ይጠማዘዝና ጥምዝማዙ ተቆርጦ ለብቻው መሽከርከር ይጀምራል፤ ስፋቱ አሥርም መቶም ኪሎሜትር፣ ዕድሜው ሳምንታት ወይም ወራት። አንዱ ሞቃት ውሃ ይዞ ወደ ደቡብ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ይዞ ወደ ሰሜን። እንግዲህ መድረሻ የሌለው የትኛው ነው?

ባለፉት አሥርተ ዓመታት እዚያ ነፋሱ በርትቷል። ታላቁ ጅረት ግን በዚያው ልክ አልፈጠነም። ከ1993 ወዲህ ሳተላይቶች እንዳሳዩት ጉልበቱን የበሉት በብዙው አዙሪቶቹ ናቸው።

የአየር ንብረት የሚያሰላ ኮምፒዩተር ባሕሩን በመቶ ኪሎሜትር መረብ ከከፈለው አዙሪቱ በቀዳዳው ሾልኮ ይቀራል። ጄንትና ማክዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1990 ምትክ ቀመር አበጁለት፤ ብልህ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። እኔ ግን ልቤ አይቀበለውም። አማካይ ነዋ! ቤተ ሙከራ ውስጥ «ትንሽ መዋዠቅ ነው፣ እለፉት» የምንባለው ነገር እዚህ ዋናው ሥራ ነው።

ወደ በረዶው ሲጠጉ አዙሪቶቹ ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ይሆናሉ፤ ባሕሩ በበረዶ ከተሸፈነ ሳተላይትም አያያቸው። ከአህጉሩ ወጥቶ የተንሳፈፈውን ግግር ከሥሩ የሚያቀልጠው ሞቃት ውሃ ደግሞ በከፊል በእነሱ ጀርባ ይመጣል። ማን ይለካው? የባሕር ዝሆን! ተመራማሪዎች ራሱ ላይ መሣሪያ ያጣብቁለታል፤ እሱ ምግቡን ፍለጋ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ጠልቆ ሲወጣ መሣሪያው የውሃውን ሙቀትና ጨው በሳተላይት ይልካል። ደመወዝም አልጠየቀ።