ስለ ቀይዋ መብራት

ተግሣጽን በጊዜው የሚሰማ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የማይሰማ ግን ከትንሹ ጉዳት ወደ ትልቁ ይሄዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራው አሮጌው ቮልስዋገን ሞተሩ የሚበርደው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ማራገቢያውንና ዲናሞውን የሚያዞራቸው አንድ የጎማ ቺንጋ ብቻ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ በሾፌሩ ፊት አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንድ ወጣት ጎረቤቴ ከአባቱ በወረሳት ቮልስ ይዞኝ ሲሄድ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ መንገዱ ተጨናንቆ ሳለ ያች መብራት በራች። መኪናዪቱ በባትሪዋ ኃይል ገና ትሄድ ነበር። እርሱ ግን ወደ ዳር ይዟት ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ነፉበት፤ ተሳደቡም።

«ስድቡ ያልፋል ጋሼ፤ ሞተሩ ከተቃጠለ ግን አይመለስም» አለኝ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ይዞት የሚዞረውን ትርፍ ቺንጋ አስገባና መንገዳችንን ቀጠልን።

ወጣቶች ሆይ፣ ወላጅ ወይም ባልንጀራ «ይህ ነገር አይበጅህም» ሲላችሁ፣ ገና እየሄድን ነውና ደኅና ነን አትበሉ። የሰውም ጡሩምባ አያሳፍራችሁ፤ በጊዜው የቆመ ከቤቱ ይደርሳል።