በስክሪፕቶ የሚጨመር ምልክት

የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ሊገባ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው ወልቂጤ ላይ የጅማን መንገድ ይዘው የተደረደሩ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ነበሩ። ደጃቸው ላይ «ታይፕ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። ውስጡ ሆዱ የተነፋ ሞኒተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚጮህ ዩፒኤስ፣ ጨርቅ የለበሰ ፕሪንተር። አቤቱታ ያለበት፣ የዕድር ጸሐፊ፣ ሥራ ፈላጊ ሁሉ እዚያ ተራ ይጠብቃል። እኔም ለአንድ የልማት ማኅበር ድረ ገጽ ልሠራ ከአዲስ አበባ ስሄድ ጽሑፉን የምቀበለው ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ነበር።

ያኔ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ። ስገባ «ባለሙያው መጣ» ተብሎ ወንበር ይለቀቅልኛል። ትሕትናን የተማርኩት ወንበሩን ከምትለቅልኝ ልጅ ነው።

ማኅበሩ ከአማርኛው ጎን ከሰባት ቤት ጉራጊኛ አንዱ በሆነው በቸሃ የተጻፈ ሰላምታና ምርቃት እንዲወጣለት ፈለገ። አንድ አዛውንት ይናገራሉ፣ እሷ ትተይባለች። አንዳንድ ፊደል ላይ ስትደርስ ከላዩ ሰፋ ያለ ክፍተት ትተዋለች። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ስክሪፕቶዋን ታነሣና በፊደሉ አናት ላይ ምልክቱን ትጨምራለች። «ጋሼ፣ ይሄ ከማሽኑ አይወጣም። ካልተጨመረ ግን አባባ ያሉት ቃል አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። እሳቸው ራሳቸውን ካልነቀነቁ ወረቀቱ ከቤቱ አይወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቸሃ ውስጥ ከ፣ ገ፣ ቀ ወደ ላንቃ ተስበው የሚለሰልሱበት፣ መ፣ በ፣ ፈ ደግሞ ከንፈር አሞጥሙጦ የሚነገሩበት ጊዜ አለ። የአማርኛው ገበታ ለእነዚህ ሁሉ ቦታ የለውም። ቋንቋው ግን በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ቆይቷል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የሺነጋን መንደር ታሪክ የጻፈው በቸሃ ነበር፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታትሟል። አንድ ልብ ወለድ የተሸከመ ቋንቋ ከአርባ ዓመት በኋላ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ፊደል አጥቶ ቆመ።

የዚያን ዘመን የግዕዝ ሶፍትዌር የተጠቀመ ሰው ጣጣውን ያስታውሰዋል። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስለሌለው ፊደላችን ተከፋፍሎ በተለያዩ ፎንቶች ይቀመጥ ነበር፤ ያውም በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ። አንዱ ሶፍትዌር የጻፈውን ሌላው አያነበውም። ድረ ገጹ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከአማርኛው ይልቅ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይታያል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጽሑፉን ወደ ሥዕል ቀይረን እንጭነው ነበር። ሥዕሉ ደግሞ በስልክ መስመር እየተንፏቀቀ ሲወርድ የኢንተርኔት ካፌው ደቂቃ ይቆጥራል። ልጅቷ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት፣ በየትኛው ቁልፍ እንደሚገኝ በደብተር መዝግባ ይዛ ነበር። እንደዚያ ደብተር የጠቀመኝ መመሪያ አላየሁም።

የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ የሆነው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ቢቀበልም ወደ እኛ ጠረጴዛ የደረሰው ቆይቶ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። የሰባት ቤት ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገቡ፤ ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ሌሎች 28 ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ተጨመሩ። ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች ለዚህ ደክመዋል፤ ስማቸውም በሰነድ ላይ አለ። በየወረዳው ከተማ ምልክቱን በእጃቸው እየጨመሩ ያኖሩት ጸሐፊዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ቡታጅራን ያወቅሁት ከወልቂጤው ሥራ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ኖኪያ በየኪሱ በገባበት ጊዜ ነው። ከተማዋ መረጃን በማሰባሰብ ከኛ ሙያ ትቀድማለች። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢዋ ቀበሌዎች መዝጋቢዎች ቤት ለቤት በእግራቸው እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያሉ ለጤና ጥናት ሲጽፉ ኖረዋል። ስለ መረጃ ቋት በተወራ ቁጥር እነሱን አስባለሁ፤ አንድ የተሳሳተ ስም ለማረም ዳገት ተመልሶ መውጣት ነበረባቸው።

እዚያ አንድ ድረ ገጽ ለማሳየት ላፕቶፔን ዘረጋሁ። የተሰበሰቡት ወጣቶች ግን የየራሳቸውን ስልክ አወጡ። ድረ ገጽ ማለት ለእነሱ ስልኩ ላይ የሚከፈተው ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ አማርኛው ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደረደረ። አንዱ «ጋሼ፣ ስልክዎን ይስጡኝ» አለና ኦፔራ ሚኒን ከፈተ። አድራሻ መጻፊያው ላይ «ኦፔራ ኮንፊግ» ብሎ ጻፈ፤ ከሚመጣው ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ አንዱን ምርጫ «የስ» አደረገው። ገጹ ተመልሶ ሲከፈት አማርኛው ፍንትው ብሎ ወጣ። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ስልኩ ፊደሉን ስለማያውቀው የኦፔራ ሰርቨር ወደ ሥዕል ቀይሮ ይልክለታል። ልጁ ይህን ማንም አላስተማረውም። ጓደኛው አሳየው፣ እሱ ለሌላው አሳየ፤ መናኸሪያው አካባቢ ያሉት ሊስትሮዎች ሳይቀሩ ያውቁታል። የቡታጅራ ወጣት አማርኛን በስልኩ እንዲያነብ ያደረጉት እንዲህ አንዱ ለአንዱ ያሳዩት ልጆች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሥራዬ ቅደም ተከተል ተለወጠ። ገጹን ለሥራ አስኪያጁ ከማሳየቴ በፊት ለዘበኛው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለተላላኪው እሰጠዋለሁ። ከሁሉም ያረጀ ስልክ የያዘው ማን እንደሆነ እጠይቅና በእሱ ስልክ እከፍተዋለሁ። ዝም ብዬ ከጎኑ ቆሜ ጣቱ የት ላይ እንደሚቆም አያለሁ፤ የቆመበትን እጽፋለሁ፤ ማታውን እሱን አስተካክላለሁ።