አባቶቻችን ገረጋንቲ ሲያለብሱ

በአገራችን የሠራተኛ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ይገባዋልም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመስመሩ ላይ ከተማ ያቀና፣ ማኅበር ያቋቋመ፣ ፈረንሳይኛ የለመደ አዲስ የሠራተኛ ወገን ተፈጠረ። ከእነዚህ መካከል በካፑቺን ሚሲዮን ያደገው ካቶሊክ አባወራ ኑሮው ወግ ያለው እንደነበር ድሬዳዋ የኖሩ ወዳጆቼ ያጫውቱኛል፦ ሳምንቱን በባቡር ጋራዡ፣ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ፣ ከሰዓት በኋላ በልጆቹ መካከል። ወዳጆቼ ይህን ሲያወሩ እኔ የማስበው ሐዲድ ረግጠው የማያውቁትን የእኛን አገር አባቶች ነው።

እኛ ባቡር ሳናይ ያደግን ነን። «እኛ» የምለው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የተወለድነውን ነው። ንፋስ መውጫ ገበያ ስንወጣ ትልቅ ከተማ ያየን ይመስለን ነበር፤ ደብረ ታቦር ደርሶ የተመለሰ ልጅ ደግሞ ወሬው ሳምንት አያልቅም። ባቡር የትምህርት መጽሐፍ ሥዕል ነበር። ካደግን በኋላም ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘረጋ ሐዲድ በዕቅድ ካርታ ላይ ተሰምሮ አየን እንጂ ፉጨቱን አልሰማንም። የባቡር ሠራተኛ አባት ባይኖረንም የመንገድ ሠራተኛ አባት ግን ነበረን።

በጋይንት መንገድ መሥራት በእነሱ አልተጀመረም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲነሱ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ያለፉት በዚሁ አገር ነው። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ በጨጨሆ፣ በቤተ ሖርና በጅጣ ገደል ሲያልፍ ሠራዊቱ ከፊት ከፊት እየሄደ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ቁልቁለቱን ይቆርጣል። ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። መቅደላ እስኪደርሱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። መንገዱ ግን መድፉን ካሳለፈ በኋላ ጠባቂ አልነበረውምና ክረምቱ መልሶ ወሰደው። እኛ ስንወለድ ጨጨሆን የሚወጣው እግረኛና አጋሰስ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቻይና መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ የተገኘው ብድር ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው መንገድ ዋለ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ገባ፣ መንገዱ ግን ተሠራ። ዛሬም ድረስ ሽማግሌዎቻችን «የቻይና መንገድ» ነው የሚሉት። ድማሚቱ ሲፈነዳ ከብቶቻችን በርግገው ይጠፉብን ነበር፤ እኛም ከብቱን ትተን ጭሱን ለማየት እንሮጥ ነበር። ሰማያዊ ልብስ የለበሱት ሰዎች ከአበሻው ሠራተኛ ጋር አንድ ድንጋይ ሲያነሱ ማየት ለአባቶቻችንም እንግዳ ነገር ነበር። መሐንዲስ አካፋ ሲይዝ ከዚያ በፊት አላዩማ።

መንገዱ ሲያልቅ ቻይናዎቹ ሄዱ፤ አባቶቻችን ቀሩ። ታሪኩ ለእኔ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና ለጥገና ከቀጠራቸው የቀን ሠራተኞች መካከል የሰፈራችን አባወራዎች ነበሩበት። «የት ነው የሚሠሩት?» ሲባሉ «አውራ ጎዳና» ይሉ ነበር፤ ኮራ ብለው። መሣሪያቸው አካፋ፣ ዶማ፣ መዶሻና ባሬላ ነው። ግሬደር አልፎ አልፎ ይመጣል፤ የቀረው በክንድ ነው።

መንገድን የሚገድለው ከመኪና ይልቅ ውሃ መሆኑን የነገሩን እነሱ ናቸው። የጠጠር መንገድ መሐሉ ጉብ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ማለት አለበት፤ ዝናቡ ወርዶ ቦይ እንዲገባ። ጎማ መሐሉን ሲያጎደጉደው ውሃ ይተኛበታል፣ ተከታዩ መኪና ውሃውን ወደ ውስጥ ይጨቁነዋል፣ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል፤ በሳምንቱ ከባድ መኪና ይሰምጥበታል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ቦይ ይጠረጋል፣ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ደለል ይወጣል። ክረምቱን ከጉና ተዳፋት የሚናደውን አፈር ሲዝቁ ይከርማሉ። መስከረም ሲጠባ ጉድጓዱ ሁሉ በገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። በዓመቱ ደግሞ ያው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ፣ ውርጩ ጣት በሚያደነዝዝበት ጠዋት፣ ትናንት የደፈኑትን ጉድጓድ ዛሬም ይደፍናሉ። ልጅ ሆነን ይህ ሥራ ማለቂያ የሌለው ይመስለን ነበር፤ እውነትም ማለቂያ የለውም።

እነዚህ ሰዎች አጥባቂ አማኞች ነበሩ። አገሩም የሚፈቅደው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ወገን የድጓው ቤተልሔም፣ በሌላ ወገን የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ባሉበት አገር ማኅሌት የማይሰማ ጆሮ የለም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ድንጋይ ይፈልጣሉ። በሶውና ቆሎው በአገልግል ተቋጥሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። ካቦው «ትወድቃላችሁ» ብሎ ቢቆጣ «የሚያቆመን ያቆመናል» ነው መልሱ።

ጭንቁ የበዓል ነገር ነበር። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለ እግዚአብሔር ዶማ ያነሳ ሰው በረዶ ያስወርዳል ተብሎ ይፈራል፤ የጎረቤቱ ገብስ ከተመታ ጣት የሚቀሰረው እሱ ላይ ነው። የአውራ ጎዳና የሥራ ሰሌዳ ግን ሚካኤልን አያውቅም። በዚያ ላይ የዘመኑ ካድሬ በየስብሰባው በዓል ማብዛት ምርት ይጎዳል እያለ ይገሥጽ ነበር። አባቶቻችን በሁለቱ መካከል ቆመው ያደረጉት ነገር ያኔ አልገባንም። ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ጠየቁ። የተሰጣቸው ፍርድ በሰፈሩ ሲነገር የኖረ ነው፦ በበዓል የራስህን ማሳ አትቆፍር፤ መንገደኛ ገደል እንዳይገባ የተናደውን አፈር ማንሳት ግን በሰንበት ጉድጓድ የወደቀችውን በግ እንደማውጣት ነው። ከዚያ ወዲህ በማርያም ዕለት ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጠበል ቀምሰው፣ አካፋቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካስቀመጡበት አንሥተው ወደ ናዳው ይሄዱ ነበር። በረዶ ወረደ ብሎ የከሰሳቸው ጎረቤት አልነበረም ማለት ግን አይደለም።

የጽዋ ማኅበራቸውም በአብዛኛው ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ነበር። ወር በገባ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያሰናዳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ቄሱ ይባርካሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራው ግን ስለ ቱቦና ስለ ደመወዝ ነው። ድንጋይ እግሩን የሰበረው ሰው ካለ ማኅበርተኛው ወጥቶ አዝመራውን ያጭድለታል። ጡረታ የሌለው ቀን ሠራተኛ ጡረታው ይኸው ነበር።

ቤታቸውስ? አባት ሳምንቱን ካምፕ ሲያድር ማሳው ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ እናት ምርቱን ተካፍላ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ከብቱን ጠብቃ ቤቱን ታቆማለች። የአባቶቻችን ስም ፔሮል ላይ ሰፍሯል፤ የእናቶቻችን የትም የለም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አባት አቧራ ለብሶ ሲመጣ እግሩን እናጥባለን፤ እሱ ደግሞ ከኮቱ ኪስ ደብተር ወይም እስክርቢቶ ያወጣል። ብዙ አይናገርም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብተራችንን እያገላበጠ ቀዩን ምልክት ይቆጥራል፤ ማንበብ የማይችለውም ቢሆን የቀይ ምልክት ትርጉም አይጠፋውም። በሰፈራችን ደመወዝ የሚገባባቸው ቤቶች ልጆች ከሌላው ቀድመው ጫማ ያደረጉት፣ ከሌላውም በላይ ትምህርት ቤት የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱ ያመጣውና የወሰደው ነገር ብዙ ነው። የቆሎ ተማሪው ቀድሞ በእግሩ የሚመጣበትን አገር በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣበት ጀመር። እኛም ለተሳፋሪ ቅቅል ድንች ሸጠን የትምህርት ቤት መዋጮ ከፈልን። በ1977 ዓ.ም. የእርዳታ እህል የመጣው በእሱ ነው፤ ቀያቸውን ለቀው ወደ ሰፈራ የሄዱት ዘመዶቻችን የተጫኑትም በእሱ። በ1982 ዓ.ም. በጉና ዙሪያ ውጊያ ሲሆን የሁለቱም ወገን መኪና ተመላለሰበት። ብዙዎቻችን በዚሁ ወጥተን ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ቀረን፤ ሌሎቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርደን ወባ ይዘን ተመለስን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት እንደገና በመንገዱ መጣ። ንፋስ መውጫ ለቀናት በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። የዚያን ሰሞን አዲስ አበባ ተቀምጠን ስልክ ስንደውል የማይነሳልን ሰዎች በሙሉ የመንገድ ሠራተኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ።

አሁን መንገዱ አስፋልት ለብሷል፤ እኛም ሸብተናል። የትውልዳችን ሥራ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ብዙ አስመርቀናል እላለሁ። ትምህርት ቤት አስመርቀናል፣ ጤና ጣቢያ አስመርቀናል፣ ከአዲስ አበባ መዋጮ ሰብስበን ቤተ ክርስቲያን አሠርተናል። ዳስ ተጥሎ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ የለጋሽ ስም ዝርዝር በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ያምርብናል። በዓመቱ የዚያው ትምህርት ቤት ጣራ ሲያፈስ ግን ለአንድ ቆርቆሮ መዋጮ መሰብሰብ ጥርስ እንደ መንቀል ይከብዳል። በሴፍቲ ኔት የተቆፈሩ የቀበሌ መንገዶች አሉን፤ ክረምቱ ሲያጥባቸው በዓመቱ እንደ አዲስ ይቆፈራሉ። የሚጠብቃቸው ሰው አልተመደበማ።

ይህ የጋይንት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በመግቢያዬ ያነሣሁት የድሬዳዋ ባቡር እንኳ የደከመው ጥገና ሲያጣ ነው። ሠራተኛው ልጁን ያሳደገበት አሮጌ ሐዲድ እያረጀ፣ ባቡሩ ከመስመር እየወጣ፣ በመጨረሻ ሥራው ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በታላቅ በዓል ተመረቀ። ካቶሊኩ የባቡር ሠራተኛም ሆነ ኦርቶዶክሱ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ በዚህ አንድ ነበሩ፦ ሁለቱም ሥራቸውን እንደ ጸሎታቸው በየዕለቱ ይደግሙት ነበር፤ ጨረስኩት ብለው ያጨበጨቡበት ቀን የለም። ትዳራቸውንም፣ ልጃቸውንም፣ ጾማቸውንም የያዙት እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ሐዲዱ አንድ ቀን ወደ ጋይንት ይወጣ ይሆናል። ከወጣ ምረቃው ላይ እኛ ሽማግሌዎቹ ፊት ወንበር እንደምንይዝ አልጠራጠርም። እኔ ግን ለአገር ልጆች ማኅበራችን የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን መዋጮ ስንጠራ ከብሩ አንድ አምስተኛው ለጣራው ጥገና ተለይቶ ይቀመጥ፣ ከሰኔ በፊት ቦዩን የሚያጸዳውም ሰው ከለጋሾቹ እኩል በድምፅ ማጉያ ስሙ ይነበብ። አባቶቻችን ይህ ክብር አልደረሳቸውም፤ የእነሱን ሥራ የሚቀጥሉት ግን ዛሬም አካፋ ይዘው መንገድ ዳር ናቸው።