ትንሹን አቃቂ በሳይክል፦ ከገፈርሳ እስከ አባ ሳሙኤል

ላፍቶ፣ ለቡና ጀሞ አካባቢ የምትኖሩ ሳይክል ነጂዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ከከተማ አውጥቶ ውሃ ዳር የሚያደርስ፣ በቀን ደርሶ መልስ የሚሆን መንገድ የቱ ነው?» ብዙው ሰው ቢሾፍቱ ይላል። ሐይቆቹ ያምራሉ፣ ዓሣውም አይከፋም፤ መንገዱ ግን ከሲኖ ትራክ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው ፈጣን መንገድ ደግሞ ለሳይክል ክልክል ነው። እኔ የምመክራችሁ ሌላ ነው። በሰፈራችን መሐል የሚያልፈውን ወንዝ ተከተሉት።

ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ በኩል ተነስቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ይገባል። ላይ፣ ገና ውሃ ሳለ፣ ገፈርሳ ላይ ይገደባል። ታች ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ከሚመጣው ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል። ሁለቱም ግድቦች በቀጥታ ቢለኩ ከላፍቶ 20 ኪሎ ሜትር አይሞሉም፤ በከፍታ ግን ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይበላለጣሉ። በመኪና ብትሄዱ ይህ ልዩነት አይታወቃችሁም። እግራችሁ ግን አይረሳውም።

ከላይኛው ጀምሩ። ከጀሞ ወይም ከጀርመን አደባባይ ተነስታችሁ በአየር ጤና በኩል ትወጡና አስኮ ላይ የአምቦን መንገድ ትይዛላችሁ። እስከ ገፈርሳ አስፋልት ነው። ዳገቱ አይገድልም፣ ግን ፋታ አይሰጥም፤ በትንሹ ማርሽ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ቡራዩ ላይ ባጃጁም ታክሲውም ስለሚበዛ በማለዳ ማለፍ ያዋጣል። ገፈርሳ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጓንት ያላደረገ ሰው ፍሬን መያዝ ያቅተዋል።

ውሃው ዳር ስትደርሱ በቅድሚያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ግድቡ ላይ ሳይሆን ወፎቹ ላይ ነው። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ እዚህ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የሌለ ወፍ ነው። የፈረንጅ ወፍ ተመልካቾች ከአውሮፕላን እንደወረዱ እሱን ፍለጋ ገፈርሳ ይመጣሉ። እኛ አጠገቡ እየኖርን አናውቀውም። ግድቡ የአዲስ አበባ ቀዳሚው የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው፤ ለገዳዲ በ1970 እ.ኤ.አ. እስኪሠራ ድረስ ከተማዋን በዋናነት ያጠጣ እሱ ነበር። ዛሬ ድርሻው ትንሽ ቢሆንም የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ይጠበቃል። ጥበቃውን ሳትጠይቁ ወደ ውሃው አትጠጉ፣ ስልካችሁንም ለፎቶ አታውጡ። «ጋሼ፣ ሳይክለኞች ነን፣ ትንሽ አርፈን እንሄዳለን» ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለም። መንገድ ዳር ያገኛችሁትን ሁሉ «አካም» እያላችሁ እለፉ፤ ያለ ሰላምታ ሽው የሚል ሳይክለኛ በባላገር ዘንድ እንደ ባለጌ ይቆጠራል።

በነገራችን ላይ፣ እንግሊዞች በርሚንግሃምን የሚያጠጡትን ግድቦች ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዌልስ ውስጥ ኤላን በሚባል ሸለቆ ሠርተው፣ ዛሬ በግድቦቹ ዳር የሳይክል መንገድ አላቸው። ሰው ቅዳሜና እሑድ ልጁን ይዞ፣ ከቧንቧው የሚወጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ እያየ ይነዳል። በገፈርሳ ዙሪያ እንዲህ ያለ መንገድ መሥራት የሚከብድ አይመስለኝም።

መሐሉን፣ ማለትም ከተማውን፣ ወንዙን ተጠግቶ መንዳት አይቻልም። ከድልድይ ድልድይ ነው የምታዩት፤ መካኒሳ ላይ አንዴ፣ ላፍቶ ላይ አንዴ። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ ሁሉም እዚህ ገብቷል። ከድልድዩ በታች ደግሞ ለምለም የጎመንና የሰላጣ መደብ አለ፤ ውሃውን ከዚያው ከወንዙ ይጠልፉታል። በዚህ ውሃ የሚበቅል አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ከጀሞ ለቡ የተሠራው የሳይክል መስመር ጥሩ ጅምር ነው፤ መኪና ያልቆመበት ጠዋት ካጋጠማችሁ ተደሰቱበት።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። ለቡ ላይ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ አለ። ከዚያ በኃይሌ ጋርመንት፣ በቃሊቲ፣ እስከ አቃቂ። ከአቃቂ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትታጠፉ ከተማው ያልቅና ጤፍ፣ ሽምብራና ስንዴ ይጀምራል። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጎማና ፍሬን መሐል ተጣብቆ ሳይክሉን ያስቆመዋል፤ ያኔ ተሸክሞ መሄድ እንጂ ሌላ መላ የለም። ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ወፍራም ጎማ ግጠሙ፣ ትርፍ ካመነዳሪና መንፊያ ያዙ። ጎሚስታ ከአቃቂ ወዲያ አትጠብቁ፤ እሾሁ ግን ይጠብቃችኋል።

አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ግድብ ነው። አዲስ አበባን በመብራት ካገለገሉት የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነበር። ደለል ሞላው፣ ተርባይኑም ለዓመታት ቆሞ ኖረ። በቻይና እርዳታ ታድሶ በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ሥራ ጀመረ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ከሚያመነጨው ከሕዳሴው ግድብ ጋር ሲተያይ ኢምንት ይመስላል፣ ግን የታላላቆቹ ግድቦች ታላቅ ወንድም ነው።

ሐይቁን ከሩቅ ስታዩት አረንጓዴ ሜዳ ይመስላችኋል። እምቦጭ ነው። ነፋሱ ወደ እናንተ ሲዞር ደግሞ ሽታው የት እንዳላችሁ ያስታውሳችኋል። ላፍቶ ድልድይ ላይ ያያችሁት ሁሉ እዚህ ደርሶ ተኝቷል። የሚገርመኝ፣ በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ግራጫ ወፎች አሁንም በዙሪያው ባለው ረግረግ ያርፋሉ፣ ገበሬውም ከብቱን ያጠጣበታል፣ ምርጫ ስለሌለው። «ቆሻሻው እኮ ታች ወርዷል» ለምንል ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከዚህ ብዙ ሳይርቅ የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ መስክ አለ፣ ከተማችንም ከዚያ ትጠጣለች።

መቀጠል የሚፈልግ ይቀጥል። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውሃ አዋሽ ገብቶ ቆቃ ይደርሳል፤ ጣሊያን በጦር ካሣ የሠራችው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ግድብ። በአሮጌው መንገድ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ነው፤ አንድ ሌሊት ማደር ይፈልጋል፣ ሲኖ ትራኩንም መልመድ ይጠይቃል።

አገራችን ሳይክልን የምታውቀው በውድድር ነው። ገረመው ደንቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ነዳ፣ ጸጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሳይወዳደሩ፣ አገር ለማየት ብቻ መንዳት ግን ገና እንግዳ ነገር ነው፤ «ምን አስቸኮለህ፣ ታክሲ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም።

የወንዝ ዳርቻ ልማት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወራም ሲሠራም ቆይቷል፤ መሐል ከተማ ላይ የተሠራውን አይቼ ወድጄዋለሁ። ሥራው በእጃችሁ ላለ ባለሙያዎች የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ንድፉን መሐል ከተማ ላይ አታቁሙት። ከላፍቶ ድልድይ እስከ አባ ሳሙኤል ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ፣ ሳይክልና እግረኛ ብቻ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ አስገቡበት። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጠዋት አብረን እንውረድ፤ ሳይክል የሌለው ካለ እናውሰዋለን።