አዲስ አዲስ የሚሸት ቤት

አሶሳ ያለ ወዳጄ የገዛውን ቁም ሣጥን ከፈተና «አዲስ አዲስ አይሸትም?» አለኝ በኩራት። እኔ ዓይኔን እያሻሸሁ ነበር። በዚያ ሽታ ውስጥ ፎርማልዲሃይድ አለ፤ ቺፑድና ኤምዲኤፍ ከሚጣበቁበት ሙጫ እየተነነ የሚወጣ ጋዝ። ሙቀትና እርጥበት ያበረታዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል።

የቀርከሃ ጎጆም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ የማገዶ ጭስ ውስጥ ይኸው ጋዝ አለ። ልዩነቱ፣ ቀርከሃው ክፍተት ስላለው ቤቱ ይተነፍሳል። እኛ ግድግዳውን በሲሚንቶ ደፈንን፤ የወባ ትንኝ ፈርተን መስኮቱን ጠረቀምን። እውነት ነው፣ ወባም ቀልድ አይደለም። ግን መስኮቱን ወንፊት አልብሶ መክፈት፣ አዲሱን ዕቃ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ማራቅ ይህን ያህል ይከብዳል? ድህነት በጭስ ያስለቀሰን አንሶ ሀብትም በሙጫ ያስለቅሰን?